ሁለቱን ሳጥኖች ከማገናኘትሽ በፊት

የእህቴ ልጅ፣ የአባትሽን ሸክላዎች ከነሳጥናቸው ወደ ሜሪላንድ መውሰድሽን እናትሽ ነግራኛለች፤ ደግ አደረግሽ። ደብዳቤሽም ደርሶኛል። ያገለገለ የዳይናኮ ፓስ ፕሪአምፕ ገዝተሽ አሁን የሚስማማውን ፓወር አምፕ እየፈለግሽ እንደሆነ፣ ሻጩም «ሁለቱም ጥሩ ዕቃ ከሆኑ አብረውም ጥሩ ይሆናሉ» እንዳለሽ ጽፈሻል። ሻጭ ነውና አይፈረድበትም፤ ግን እንዳለው አይደለም። ሁለት ምርጥ ዕቃዎች ተገናኝተው ድምፁ የቀጠነ ወይም ሲጎመጉም የሚውል ሊሆን ይችላል። ሁለት ተራ ዕቃዎች ደግሞ ቁጥራቸው ከገጠመ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተስማምተው ይኖራሉ። አምፕሊፋየር ስከፍትና ስገጥም ያረጀሁ ሰው ነኝና የማውቀውን በተራ ቁጥር አስቀመጥኩልሽ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዢ፦ ሰዎች ጉልበት አነሰን ብለው ከሚያመጧቸው ጥንዶች ውስጥ ብዙዎቹ ሕመማቸው ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው።

1. መጀመሪያ ሁለት ሳጥን ያስፈልግሽ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። ፕሪአምፑ ከሸክላ ማጫወቻው ወይም ከሌላው ምንጭ የምትሰሚውን ይመርጣል፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ደካማውን የሸክላ ምልክት ያጠነክራል። ፓወር አምፑ ያንን ተቀብሎ ስፒከር የሚያንቀሳቅስ ጉልበት ይሰጠዋል። የተለያዩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሚሊቮልት የሚሠራ ዕቃ ከትልቅ ትራንስፎርመርና ከሙቀት ቢርቅ ይሻለዋል። ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ሣጥን የያዘ ጥሩ አምፕሊፋየር ሲሠራ ይህን የማጣመር ጣጣ መሐንዲሱ አስቀድሞ ጨርሶታል። ለአንድ አፓርትማ ሳሎን ብዙ ጊዜ እሱ ይበቃል።

መማር ከፈለግሽ ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ናድ 3020 እና እሱን የመሰሉ ብዙ አምፕሊፋየሮች ከኋላቸው ፕሪአምፑን ከፓወር አምፑ ጋር የሚያገናኙ የዩ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ ብረቶች አሏቸው። ዕቃውን አጥፍተሽ ብረቶቹን ስትነቅዪ አንዱ ሣጥን ሁለት ይሆናል፤ የእሱን ፕሪአምፕ ከሌላ ፓወር አምፕ ጋር፣ ወይም የእሱን ፓወር ከዳይናኮሽ ጋር ትሞክሪያለሽ። ብረቶቹን ግን እንዳትጥያቸው። እነሱ የጠፉበት አምፕሊፋየር ምንም ድምፅ አያወጣም፤ ባለቤቱም ተበላሸ ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል።

2. አራት ቁጥሮች ያዢ። ከፕሪአምፑ ሁለት፦ የመውጫው ኢምፔዳንስ (ለምልክቱ የሚያሳየው ተቃውሞ) ስንት ኦም ነው? ሳይዛባ ስንት ቮልት ማውጣት ይችላል? ከፓወር አምፑም ሁለት፦ የመግቢያው ኢምፔዳንስ ስንት ነው? ሙሉ ዋቱን ለማውጣት ስንት ቮልት ይፈልጋል? ይህን የመጨረሻውን ሴንሲቲቪቲ ይሉታል። አራቱም በማንዋሉ የመጨረሻ ገጾች ላይ፣ ማንም በማያነበው ሠንጠረዥ ውስጥ ናቸው። ሻጩ ስለ «ሞቅ ያለ ድምፅ» ሲያወራልሽ እሺ ብለሽ አድምጪው፤ ሲጨርስ አራቱን ቁጥሮች ጠይቂው።

አንዳንድ የድሮ ጥንዶች ደግሞ ከቁጥርም በላይ የተሳሰሩ ናቸው። የእንግሊዞቹ ኳድ 22 ፕሪአምፕ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከግድግዳ ሳይሆን ከኳድ ሁለት ፓወር አምፑ ነው። ነጥለሽ አንዱን ብቻ ከገዛሽ ሌላ የኃይል ምንጭ የሚሠራልሽ ባለሙያ ልትፈልጊ ነው።

3. «ኢምፔዳንሳቸው እኩል ይሁን» የሚልሽን አትስሚ። ይህ ወግ ከ600 ኦም የስልክ መስመሮች ዘመን የቀረ ነው። በቤት ኦዲዮ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፦ የፕሪአምፑ መውጫ ዝቅ፣ የፓወር አምፑ መግቢያ ከፍ ይበል፤ ልዩነታቸውም ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። መውጫው 1 ኪሎ ኦም ከሆነ መግቢያው ከ10 ኪሎ ኦም አይነስ። በአሥር እጥፍ የሚጠፋው ከአንድ ዴሲቤል በታች ነው፤ ማዞሪያውን በጥቂቱ ነካ ብታደርጊው ይካካሳል። እኩል ከሆኑ ግን የቮልቴጁ ግማሽ፣ ማለትም 6 ዴሲቤል፣ መንገድ ላይ ይቀራል።

ያገኘሽው ፕሪአምፕ የትራንዚስተር ቢሆን ኖሮ መውጫው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት አሥር እስከ ጥቂት መቶ ኦም ስለሆነ ወደ ቁጥር 5 እለፊ እልሽ ነበር። ያንቺ ቫልቭ ነው። የሚቀጥለውን ሁለት ጊዜ አንብቢው።

4. በቫልቭ ፕሪአምፕ ውስጥ ቫልቩ ላይ ከፍተኛ የዲሲ ቮልቴጅ አለ። እሱ ወደ ፓወር አምፑ እንዳያልፍ መውጫው ላይ ካፓሲተር ይቀመጣል። ታዲያ ያ ካፓሲተርና የፓወር አምፑ መግቢያ ሳትጠሪያቸው አንድ ላይ ሆነው ቤዝ የሚቆርጥ ማጣሪያ ይሠራሉ። የመግቢያው ኢምፔዳንስ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚቆረጠው ቤዝ እየበዛ ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። ካፓሲተሩ 0.1 ማይክሮፋራድ ነው እንበል። ፓስን የሠራው ዳይናኮ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ስቴሪዮ 70 የሚባል ቫልቭ ፓወር አምፕ መግቢያው 470 ኪሎ ኦም ነው። ከእንዲህ ያለው ጋር ሲገናኝ መቁረጫው 3.4 ኸርዝ ላይ ይወድቃል፤ እዚያ ደግሞ ሙዚቃ የለም፤ ምንም አልጎደለብሽም። ያንኑ ፕሪአምፕ መግቢያው 10 ኪሎ ኦም ከሆነ ዘመናዊ ፓወር አምፕ ጋር ስታገናኚው መቁረጫው ዘሎ 159 ኸርዝ ላይ ይወጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው። እዚያ ሲደርስ ከቮልቴጁ የሚያልፈው ሩቡ ብቻ ነው።

ሰሚው ይህን እንዴት ያየዋል? ድምፃዊው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ሳክስፎኑም ደህና ነው፣ ቤዙ ግን ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ስፒከር ይለውጣል። ቀጥሎ ወፍራም ገመድ ይገዛል። ቀጥሎ «የቫልቭ ድምፅ ቀጭን ነው» ብሎ ይፈርዳል። እኔ ሰዎች በቫልቭ ላይ ሲፈርዱ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ከምን ጋር እንዳገናኙት ነው።

ለአንቺ ቀላሉ መፍትሔ ገና ያልገዛሽውን ዕቃ በልክ መግዛት ነው። መግቢያው 100 ኪሎ ኦምና ከዚያ በላይ የሆነ ፓወር አምፕ ፈልጊ፤ በዚያ ላይ መቁረጫው ወደ 16 ኸርዝ ይወርዳል። የቫልቭ ፓወር አምፖች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው፤ ከትራንዚስተሮቹም መካከል አይጠፉም። ዝቅተኛ መግቢያ ያለውን ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ ካልሽ፣ ባለሙያ ካፓሲተሩን ወደ 1 ማይክሮፋራድ ከፍ ሊያደርግልሽ ይችላል፤ ከ10 ኪሎ ኦም ጋርም ያው 16 ኸርዝ ታገኚያለሽ። ነገር ግን ይህ ግማሽ ፈውስ ነው። ቫልቩ ያልለመደውን ከባድ ጭነት መንዳት ስለሚኖርበት መዛባቱ ይጨምራል፤ ስታበሪም «ዱም» የሚለው ድምፅ ይበረታል። ካፓሲተሩን ራሴ እለውጣለሁ ብለሽ ደግሞ ክዳኑን እንዳትከፍቺ። የቫልቭ ዕቃ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም የሚጥል ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

5. አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳነሳሁት መብዛት እንምጣ። ፓወር አምፕ ባለ 8 ኦም ስፒከር ላይ 100 ዋት ለማውጣት 28.3 ቮልት ማውጣት አለበት። የብዙዎቹ ጌይን፣ ማለትም የማጉላት ልካቸው፣ ከ26 እስከ 29 ዴሲቤል ነው። 26 ማለት ሃያ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ መግቢያው ላይ 1.4 ቮልት ሲደርሰው ጉልበቱ አለቀ። 29 ከሆነ 1 ቮልት ይበቃዋል።

የዛሬ ምንጭ ስንት ይሰጣል? ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ልማዱ 2 ቮልት ሆነ፤ ዛሬ ከኮምፒውተርና ከስልክ ጋር ከሚያያዙት ዳኮችም (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ምልክት ከሚለውጡት) ብዙዎቹ ይህንኑ ተከትለዋል። እንግዲህ አስቢው፦ ምንጩ ብቻውን፣ ያለ ምንም ፕሪአምፕ፣ ፓወር አምፑን ከአቅሙ በላይ መግፋት ይችላል። የድሮ ፕሪአምፖች ግን የተሠሩት ከግማሽ ቮልት በታች ለሚሰጡ ቴፖችና ራዲዮዎች ነበርና ብዙዎቹ አሥር እጥፍ ያጎላሉ። 2 ቮልት አስገብተሽ አሥር እጥፍ ስታጎዪው ወደ 20 ቮልት ልትሄጂ ነው፤ ፓወር አምፑ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። ጨውን በጭልፋ ጨምሮ ወጡን በውሃ እንደማቅጠን ነው፦ መጀመሪያ ያለ ልክ ታጎያለሽ፣ ከዚያ በቮልዩሙ ማዞሪያ ታፍኚዋለሽ።

ሦስት ጣጣ ይከተላል። አንደኛ፣ ማዞሪያው ገና ከመነሻው ፈቀቅ ሲል ቤቱ ይናጋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ዙር በሙሉ አይነካም። የድምፅ ማዞሪያዎች ደግሞ የግራና የቀኙ እኩልነት በጣም የሚዛባው እዚያው መነሻው ላይ ነው። ማታ ዝቅ አድርገሽ ስትሰሚ ዘፋኙ ወደ አንድ ስፒከር ካዘነበለ ጆሮሽን ለሐኪም አታሳዪ። ሁለተኛ፣ በአብዛኞቹ ፕሪአምፖች ውስጥ ማዞሪያው ከመጨረሻው ማጉያ በፊት ነው ያለው። ስለዚህ ያ ማጉያ የሚያወጣው «ሽሽሽ» በማዞሪያው አይቀንስም፤ ፓወር አምፑም ሃያ እጥፍ አድርጎ ለስፒከሩ ያስረክበዋል። ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ አንድ የጣት ንክኪ ስፒከር ያቃጥላል።

ፈተናው ቀላል ነው። ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርገሽ ጆሮሽን ወደ ትንሿ የትሬብል ስፒከር አስጠጊ። «ሽሽሽ» ካለ፣ ሁሉንም አጥፍተሽ የፕሪአምፑን ገመድ ከፓወር አምፑ ንቀዪና መግቢያውን በሾርቲንግ ፕላግ ዝጊው (መግቢያውን ብቻ፤ የማንኛውንም ዕቃ መውጫ እንዲህ አትዝጊ)። እንደገና ስታበሪው ዝም ካለ ድምፁ ከፕሪአምፑ ነበር። ካልተለወጠ የፓወር አምፑ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ለዚህ ይመስለኛል ማንም የማያስተዋውቀው። በፕሪአምፑና በፓወር አምፑ መካከል፣ ፓወር አምፑ ጀርባ ላይ የሚሰካ አቴኑዌተር አለ። የ10 ዴሲቤሉ ቮልቴጁን ወደ ሲሶ፣ የ20ው ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል። ምንጩ ላይ ሳይሆን እዚህ መሰካቱ ዋና ነገር ነው፤ ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን የፕሪአምፑንም «ሽሽታ» አብሮ ያወርዳልና። ከመግዛትሽ በፊት ግን የራሱን ኢምፔዳንስ ጠይቂ፤ 10 ኪሎ ኦም ከሆነ ቁጥር 4 ላይ ወዳስጠነቀቅኩሽ ጉድጓድ ተመልሰሽ ገባሽ። ለመድረክና ለአዳራሽ የተሠሩ ፓወር አምፖች ደግሞ የራሳቸው የደረጃ ማዞሪያ ስላላቸው ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም፤ እዚያው ዝቅ ታደርጊዋለሽ።

በተለይ ኳድ 405ን ካገኘሽ ተጠንቀቂ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ፣ ባለ 100 ዋት፣ ዛሬም የሚከበር ዕቃ ነው። ነገር ግን 0.5 ቮልት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ የኳድ ፕሪአምፖች የሚሰጡት ያንን ነበርና። ከዛሬ ፕሪአምፕ ጋር ያለ አቴኑዌተር ያገናኘው ሰው «ኳድ ይጮኻል» ብሎ ቢያማርር ጥፋቱ የኳድ አይደለም።

ማነሱስ? እሱም አለ፤ ግን ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ፕሪአምፑ 0.5 ቮልት ብቻ ቢያወጣና ፓወር አምፑ 1.4 ቢፈልግ ከ100 ዋቱ ወደ 12 ዋት ተኩል ታገኚያለሽ። በአፓርትማ ውስጥ ጎረቤት ለመቀስቀስ እሱም በቂ ነው።

6. ፕሪአምፕ ዋት አያውቅም፤ የሚያውቀው ቮልት ነው። ዋቱን ከስፒከሩ ጋር አዛምጂ።

7. «ፕሪአምፕ ከነጭራሹ አያስፈልግም፣ ማዞሪያ ብቻ የያዘች ሣጥን ትበቃለች» የሚሉም አሉ። ፓሲቭ ፕሪአምፕ ይሏታል። ከቁጥር 5 አንጻር ሐሳባቸው ሞኝነት አይደለም፤ ጌይን ከተረፈሽ ለምን ትጨምሪያለሽ? ግን የመውጫዋ ኢምፔዳንስ እንደ ማዞሪያው ቦታ ይለዋወጣል፤ ከፍተኛው የማዞሪያው ዋጋ ሩብ ገደማ ነው። የ10 ኪሎ ኦም ማዞሪያ 2.5 ኪሎ፣ የ50 ኪሎ ማዞሪያ 12.5 ኪሎ ኦም ድረስ ይወጣል። የአሥር እጥፉን ሕግ በሁለተኛው ላይ ሞክሪው፦ 125 ኪሎ ኦም መግቢያ ትፈልጊያለሽ። ለሸክላ ደግሞ ብቻዋን አትሆንም።

8. በገመድ ላይ ገንዘብሽን አታፍስሺ፤ አጭር አድርጊው እንጂ። ገመድ ራሱ ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ። መውጫው 5 ኪሎ ኦም ከሆነ ፕሪአምፕ 10 ሜትር ገመድ ብትጎትቺ የትሬብሉ መቁረጫ 32 ኪሎኸርዝ ላይ ይወድቃል፤ ጆሮ ከሚሰማው በላይ ቢሆንም እየቀረበሽ ነው። በአንድ ሜትር ገመድ ይህ ሁሉ ወሬ ነው። አንቺ ፓወር አምፑን ከፕሪአምፑ አጠገብ አድርጊና የሚረዝመው የስፒከሩ ገመድ ይሁን።

9. ሦስት እግር ያለውን ኤክስኤልአር መሰኪያ ባየሽ ቁጥር አትጓጊ። ጥቅሙ ሁለቱም ሳጥኖች በእውነት ባላንስድ (ምልክቱን በሁለት ተቃራኒ ሽቦዎች የሚያስተላልፉ) ሲሆኑና መንገዱ ሲረዝም ነው። ያንቺ ፓስ ተራው የአርሲኤ መውጫ ነው ያለው፤ መቀየሪያ ብትሰኪበት የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ሥራውን አይለውጠውም።

10. «እምምም» የሚል ድምፅ ከመጣ አትደንግጪ፤ ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። እዚያ አሜሪካ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 60 ኸርዝ ነው፣ እዚህ ኢትዮጵያ 50፤ የሚጎመጉመው እሱ ወይም እጥፉ ነው። ሁለቱን ሳጥኖች ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኪያቸው። ማዞሪያውን ዜሮ አድርጊ፤ ድምፁ ከቀጠለ ከፕሪአምፑ መጨረሻና ከፓወር አምፑ መካከል ነው፤ ከጠፋ ከምንጮቹ አንዱ ነው። የሸክላ ማጫወቻው ቀጭን የመሬት ሽቦ ከፕሪአምፑ ብሎን ጋር መታሰሩን እይ። ቴሌቪዥን ከተያያዘ የኬብል ቲቪውን ገመድ ለጊዜው ንቀዪው፤ እሱ ከውጭ የራሱን የመሬት መስመር ይዞ ስለሚመጣ ሁለት የመሬት መንገዶች ቀለበት ይሠራሉ። ሲነቀል ከጠፋ በዚያ ገመድ ላይ የሚገባ አይሶሌተር ይሸጣል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም፦ የስፒናውን ሦስተኛ እግር አትቁረጪ፣ በመቀየሪያም አትዝለዪው። «እኔ ቆርጬው ጸጥ አለ» የሚልሽ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይጸጥታል። ውስጥ አንድ ሽቦ ተላቆ ብረቱን የነካ ቀን ደግሞ ሣጥኑን የሚነካ ሰው ሊሞት ይችላል። የድሮ የአሜሪካ ዕቃዎች ባለ ሁለት እግር ስፒና ይዘው ስለተሠሩ ያንቺንም ባለሙያ ገመዱንና ፊውዙን ሳያይልሽ ቀን ሙሉ አብርተሽ አትተዪው።

11. ስታበሪ ፕሪአምፑ ይቅደም፤ ቫልቮቹ እስኪሞቁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቂና ፓወር አምፑን አስከትዪ። ስታጠፊ ፓወር አምፑ ይቅደም። ፕሪአምፕ ሲበራና ሲጠፋ የሚያወጣውን «ዱም» ፓወር አምፑ ከበራ ወደ ስፒከሩ ያስተላልፈዋል። በቫልቭ ዘመን ብዙ ፕሪአምፖች ከኋላቸው ለሌላ ዕቃ የሚሆን ሶኬት ነበራቸው፤ ትልቅ የትራንዚስተር ፓወር አምፕ እዚያ ላይ አትሰኪ። ሁለቱ እኩል ይበራሉ፤ የፕሪአምፑም ትንሽ ማብሪያ ያንን ኃይል ለመሸከም አልተሠራችም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከማገናኘትሽ በፊት ደግሞ የ20 ዶላር ቴስተር ይዘሽ የፕሪአምፑን መውጫ በዲሲ ለኪው፤ ሞቆ ከተረጋጋ በኋላ ዜሮ ወይም ጥቂት ሚሊቮልት ይሁን። ያረጀ ካፓሲተር ዲሲ ያሾልካል። አንዳንድ የትራንዚስተር ፓወር አምፕ ዲሲውንም እንደ ሙዚቃው ያጎላዋል፦ 50 ሚሊቮልት ሃያ እጥፍ ሲሆን ስፒከሩ ላይ 1 ቮልት ነው፤ ከዚያ እጅግ ከበለጠ የስፒከሩ ጥቅል ሳይሰማሽ ሊቃጠል ይችላል።

12. ሁለት ፓወር አምፕ ስታወዳድሪ ድምፃቸውን እኩል አድርጊ። አንድ ዴሲቤል ከፍ ያለው ሁልጊዜ «ይበልጥ ግልጽ» ይመስላል፤ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ስፒከሩ ጫፍ ላይ ቴስተሩን በኤሲ አድርገሽ፣ ከስልክሽ የ400 ኸርዝ ቀጥ ያለ ድምፅ ለቀሽ፣ ሁለቱን አንድ ዓይነት ቮልት ላይ አምጪያቸው። ከዚያ ወዲያ ልዩነቱ ከቀረ ርካሹን ግዢ።

13. ሸክላው። የሸክላ መርፌ የሚያመጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ከሲዲው 2 ቮልት አራት መቶ ጊዜ ያንሳል። ከዚህም ሌላ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ትሬብሉ ተጋኖ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ አርአይኤኤ የሚባል አንድ መለኪያ አለው። የፎኖ መግቢያ ሥራው ያንን መመለስ ነው። ያንቺ ፓስ የፎኖ መግቢያ ስላለው ሌላ ሣጥን አትግዢ። ማጫወቻው ውስጡ የፎኖ ማጉያ ካለው ግን ወይ በማብሪያው አጥፊው፣ ወይ ወደ ተራው መግቢያ ሰኪው። ሁለት ፎኖ ተደራርቦ የሚወጣው ድምፅ የተቀደደ ስፒከር ይመስላል። ሙቪንግ ኮይል የሚባለውን ውድ መርፌ ደግሞ ተዪው፤ ምልክቱ ከዚህም አሥር እጥፍ ያህል ያነሰ ስለሆነ ለብቻው ትራንስፎርመር ይፈልጋል።

አባትሽ ካስቀመጣቸው መካከል አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ከመሠረተው ከአምሃ ሪከርድስ የወጡ 45ቶች እንዳሉ አስታውሳለሁ። እነዚያ በየግብዣው የተጫወቱ ናቸው። ከፓወር አምፑ ገንዘብ ቀንሰሽ አዲስ መርፌ ግዢላቸው፣ እጠቢያቸውም። በደነዘዘ መርፌ የቀረውን ድምፅ መፋቅ በምንም አምፕሊፋየር አይመለስም።

14. እናትሽ ዕቃውን ይዘሽ ትመጪ ይሆናል ብላኛለች። እዚያ 120 ቮልት፣ እዚህ 220 ነው፤ በቀጥታ ከሰካሽው የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ከ220 ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል፤ ልኩን በፓወር አምፑ ከፍተኛ ፍጆታ አስቢውና ከላዩ ትርፍ ጨምሪበት። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ላይ ይበልጥ ስለሚሞቅ ሣጥኖቹን አትደራርቢያቸው።

ትራንስፎርመር የማይፈታው አንድ ነገር አለ፦ የአንዳንድ ሸክላ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ነው። በ60 ኸርዝ 33 ከሲሶ የሚዞረው እዚህ ወደ 28 ይወርዳል፤ ዜማው ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ይዘቅጥና የዘፋኟ የብዙነሽ በቀለ ድምፅ የሌላ ሰው ይሆናል። በዲሲ ወይም በኳርትዝ የሚሠራ ከሆነ አያገባውም። ያንቺው በድግግሞሽ የሚሄድ እንደሆነ ከታች የተለጠፈውን ምልክት አንብቢ። «60 ኸርዝ» ብቻ ካለ፣ ከመሳፈርሽ በፊት የ50 ኸርዙን ፑሊ እዚያው አዝዢ፤ መርካቶ ውስጥ ለእሱ የምዞርበት ጉልበት የለኝም።